ሳይሞላ የማይነሳው ኮንትራት አውቶቡስ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ የሚዛን ከተማውን አውቶቡስ ነገር ላውጋችሁ።

የቴፒ መንገድ ገና ጭቃ ሳለ፣ የትምህርት ቤታችን ኳስ ቡድን ቴፒ ላይ በስምንት ሰዓት ጨዋታ ነበረው። ከዘገየ በፎርፌ ይሸነፋል። አሰልጣኙ አሮን አውቶቡስ በኮንትራት ተከራየና ተጫዋቾቹን ጫነ። ሾፌሩ ጋሽ ባምላኩ ግን መናኸሪያው ውስጥ ሞተር አጥፍቶ ቁጭ አለ።

«ጋሼ፣ እንሂድ እንጂ!»

«ሳይሞላ?»

«ሙሉውን ተከራይተነዋል እኮ!»

«ተከራያችሁት እንጂ መች ሞላችሁት? ሃያ ዓመት ስሠራ ጎዶሎ መኪና ነድቼ አላውቅም።»

አሮን ቢጨንቀው መንገደኛ ልመና ወጣ። እኔና ጎረቤቶቼ ቴፒ ለቅሶ ለመሄድ እዚያው መናኸሪያ መኪና እንጠብቅ ነበርና በነጻ ተሳፈርን፤ ወንበሩ ጢም አለ። ሾፌሩ ደስ ብሎት ሞተሩን ሲያስነሳ፣ ውሃ ሊጠጣ ወርዶ የነበረው በረኛው ኢሳይያስ እየሮጠ መጣ።

«ሞልቷል! ትርፍ አልጭንም» አለው ጋሽ ባምላኩ።

«እኔ እኮ በረኛው ነኝ!»

«ብትሆንስ? ወንበር የት አለ?»

የልጁ እንባ መጣ። እኔም ተነስቼ ወረድኩለት። ቡድኑ በሰዓቱ ደረሰ። ሾፌሩ «ኮንትራቱ እስከ ሜዳ ነው» ብሎ ለቀስተኛውንም ሁሉ ሜዳው ላይ አራገፈው አሉ። እኔ ለቅሶውን በማግስቱ ደረስኩ።

አደራ ልጆቼ፣ በሞላ መኪና ደጃፍ የቆመ ሰው ስታዩ ይህቺን አስታውሱልኝ፤ መኪናው የተከራየው ለእሱ ሊሆን ይችላል።