በዓይን የታየ

እና ስምንቱን እኮ አይታቸዋለች፣ በገዛ ዓይኗ፣ አጎንብሳ፣ የእጅ ባትሪ አብርታ፣ ቁጥሩን ከሽቦ ማኅተሙ ላይ አንድ በአንድ አንብባ፣ ዘጠነኛው ሣጥን ብቻ፣ ከግድግዳው ሥር የተሸጎጠው፣ እሱን ብቻ ነው ያላየችው፣ ቅጹ ላይ ግን ከዘጠኙም ፊት ምልክት አለ፣ «በዓይን የታየ» ከሚለው ሥር፣ በራሷ ሰማያዊ እስክሪብቶ። ዘጠነኛው ምልክት ከሁሉም ይበልጥ ያምራል። ተጠንቅቃ ነው የሳለችው፣ ውሸታም።

አለቃዋ በበሩ ብቅ ትላለች፣ ፈረምሽ እንዴ እህቴ፣ ከምሳ በፊት ወደ ላይ መውጣት አለበት፣ እሺ፣ እሺ ማለት ብቻ ነው የምታውቀው፣ ማክሰኞ ዕለትም እሺ ነበር ያለችው። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ አባቷን የሚያህሉ ሰው፣ ጓንታቸው የተቀደደ፣ ልጄ ተይው እሱን፣ ወለሉ ዘይት ነው፣ ልብስሽ ይበላሻል፣ ቁጥሩን እኔ ከመዝገቤ ላንብብልሽ፣ ሁለት ጫኝና አውራጆች ደግሞ ግድግዳ ተደግፈው ያዩአታል፣ እንግዲህ በእነሱ ፊት ልትንበረከክ፣ በደረቷ ልትሳብ፣ በዚያ ጠባብ ቀሚስ፣ ምን ነክቶሽ ነው መጋዘን በቀሚስ የምትሄጂው፣ እሺ አባባ ያንብቡልኝ አለች፣ አነበቡላት፣ ጻፈች፣ ምልክት አደረገች፣ አለቀ።

አላለቀም። ሥልጠናው የተጀመረ ቀን አሠልጣኙ ምን አሉ፣ ባለቤቱ ያነበበልሽ ቁጥር ቁጥር አይደለም፣ ወሬ ነው፣ ሌላው ሲስቅ እሷ ደብተሯ ላይ ጻፈችው፣ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት፣ የማኅተሙ ቁጥር ከተለወጠ ሣጥኑ ተከፍቷል፣ ከተከፈተ ውስጡ ያለው ዩራኒየም ጎድሎ ይሆናል፣ የጎደለው የት ሄደ፣ ለማን፣ ለምን ሊሠሩበት፣ ይኸው ነው ሥራው፣ ሌላ የለውም፣ አራት ዓመት ፊዚክስ የተማረችው ለዚህ ነው።

ዛሬስ ስንት ቦምብ አከሸፍሽ ይላታል ታላቅ ወንድሟ ራት ላይ፣ እናቷ፣ ተዋት አንተ፣ ደግሞ ጨረሩ እንዳይነካሽ ሻሽ ጣል አድርጊ፣ እማዬ ሻሽ ጨረር አይመልስም፣ ቢሆንም አይጎዳሽም።

ደግሞ ሽማግሌው ሌባ አይመስሉም። ሌባ አይመስሉም! ቱ፣ እንዲህ ተብሎ ይጻፋ ሪፖርቱ፣ ዘጠነኛ ሣጥን፣ ኃላፊው ሌባ አይመስሉም። አውቶብስ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት አፍራ ሁለት ፌርማታ አልፋ የምትወርድ ሰው፣ መጽሐፍ ውስጥ ተቀብራ ያደገች፣ እሷን ብሎ ተቆጣጣሪ፣ ማን ነው የቀጠራት፣ ገና መች ተቀጠረች፣ የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው አርብ ነው፣ ትቆይ ወይም ትሂድ ብላ የምትፈርመው ይቺው አለቃዋ፣ ብትናገር ምናልባት አርብ ዕቃዋን ትሰበስባለች፣ ባትናገር ማንም አያውቅም። ማንም።

ብድግ ትላለች። ቁጭ። እስክሪብቶው ክዳን ላይ የጥርሷ ምልክት አለ፣ መቼ ነከሰችው፣ ዘጠነኛውን ምልክት በአንድ መስመር ትሰርዘዋለች፣ ደንቡ እንደሚለው፣ ከሥር ያለው እንዲነበብ፣ ጎኑ ላይ «አልታየም»፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ሳታስበው ኮሪደሩን አጋምሳለች፣ እግሯ ከሷ ይልቅ ደፋር ነው።

ምንድን ነው ይሄ፣ አለቃዋ መነጽሯን ታወልቃለች፣ አላየሁትም፣ ታዲያ ለምን ምልክት አደረግሽ፣ አፈርኩ፣ ምን አልሽ፣ ሰው ፊት መንበርከክ አፈርኩ። አለቃዋ ቅጹን ከክምሩ ነጥላ መሳቢያ ውስጥ ታስገባለች፣ አስቆጥተሽኛል፣ የአርቡን አርብ እናያለን፣ አሁን ሂጂ ደውይ።

ሄሎ፣ አባባ፣ የማክሰኞዋ ነኝ፣ ነገ ጠዋት ለዘጠነኛው ሣጥን እመጣለሁ። ለአንድ ቁጥር ብለሽ? ለአንድ ቁጥር። አንብቤልሽ የለም እንዴ ልጄ፣ አንብበውልኛል፣ ወለሉ እኮ ያው ነው፣ አላስጠረግኩትም፣ ድምፃቸው ቅር ያለው ሰው ድምፅ ነው፣ ወይስ የፈራ፣ በስልክ አይለይም፣ ለዚህ አይደል መሄዷ፣ ግድ የለም አባባ፣ ትላለች፣ ሱሪ ለብሼ እመጣለሁ።