ወደ ጓዳ አልገባም

ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የአረፋ ዕለት፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል። እናቴ ባሂራ ቡታጅራ ባለው ቤታችን በር ላይ ደርቃ ቆመች። እግሯ ደፉን መሻገር እንቢ አለ፤ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል።

ፓርኪንሰን የሚሉት በሽታ ከያዛት ወዲህ የአረፋን ክትፎ ሌላ ሰው ነበር የሚከትፈው። በዚያ ዓመት ግን በሽታውን የሚያጠኑ ሐኪሞች ከተማችን መጥተው መዘገቧት፤ መድኃኒት ጀመረችና እጇ ተመለሰላት። «ዘንድሮ የምከትፈው እኔ ነኝ» ብላ ለዘመድ ሁሉ አስነግራለች። እንግዶቹ ከአዲስ አበባ መንገድ ላይ ናቸው።

ወንድሜ ሙባሪክ ክንዷን ያዘ። «ይኸው መድኃኒትሽ! ጓዳ ግቢ እማ፣ ሰው ሳይመጣ።»

«ምን ሰርቄ ነው የምደበቀው?»

«ሰው ጂን ነው ይላል።»

«ይበል! ጂኑ ክትፎ ይችላል በላቸው።»

እኔ ለጥናቱ ነርስ ለሲስተር ፍቅርአዲስ ደወልኩ።

«ጠዋት ኪኒኑን በምን ዋጠችው?» አለችኝ።

«በአይብ። ከዋዜማው የሴቶች አረፋ ድግስ የተረፈ ነበር። ኪኒኑ ባዶ ሆድ ያቃጥላል ብላ ጥግብ አድርጋ በላች።»

«አይብም ሥጋም መድኃኒቱን ይሻሙታል፣ ወደ ደም አያስገቡትም። የሚቀጥለውን በሰዓቱ በውኃ ትዋጥ። ከዚያ ምንም ሳትበላ አንድ ሰዓት ትጠብቅ።»

እማ ሰምታለች። «ወንበር አምጪልኝ» አለች። ጓዳ የምትቀመጥ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን በሩ ፊት ለፊት፣ እንግዳ ሁሉ የሚያልፍበት ላይ አስደረገችው። ሰዓቱ ሲደርስ ኪኒኗን በውኃ ዋጠች። ኢድ ሙባረክ እያለ የገባውን ሁሉ በሚንቀጠቀጠው እጇ ጨበጠች። እጁን የሰበሰበ ካለ፣ እስኪዘረጋላት ድረስ ዘርግታ ጠበቀችው። ሙባሪክ ሥጋውን እንድትከትፈው ለጎረቤት ሴት ሊሰጥ ሲነሳ «ንካውና እንተያያለን!» አለችው።

እንግዳው ራበው። አጎቴ ሀቢቡ «ባሂራ፣ የምንበላው ዛሬ ነው ወይስ ለመውሊድ?» አላት።

«ከቸኮልክ ጥሬውን ጎምድ!»

እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ ተነሳች። ደፉን ተሻገረች፣ ቢላዋውን ያዘች። እጇ ሙሉ በሙሉ አልረጋም፣ ግን ታዘዘላት። ክትፎው እንደ ድሮው አልላመም። ሁሉም በላ፤ እሷ መጨረሻ ላይ በላች።

በተከታዩ ጥር በሳንባ ምች ሞተች። ከቀብሯ በኋላ እንሴኖ ከተማ ያለችው ታላቅ እህቷ ዘይባ፣ ለዓመታት በልብሷ ስር ስትደብቀው የኖረችውን የሚንቀጠቀጥ እጇን ይዛ ክሊኒክ ሄዳ ለዚያው ጥናት ተመዘገበች።