ሰብሃት የሌለበት ክፍል

የቦንጋ ሰው አስፋውን የሚያስታውሰው ፎቶ ኮፒ ሲቸግረው ወይም ወሬ ሲርበው ነው። ኮፒው ጥርት ያለ ነው፤ ወሬው ግን ከዋናው ጋር አይመሳከርም። ማንኪራ ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የሚይዝ ዛፍ አንድ ብቻ መሆኑን፣ ንቦቹም ቀፏቸውን ጥለው ዘመድ ጋ ለመደወል እዚያ ዛፍ ሥር ወረፋ እንደሚይዙ ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚምል ሰው ነው። ጓደኛው ሰብሃት የሒሳብ መምህር ስለሆነ፣ አስፋው የሚለውን ሁሉ ለአራት አካፍሎ ነው የሚሰማው። ቀሪ ከተገኘ ይጥለዋል።

ለዚህ ነው ያን ቅዳሜ ማለዳ ከጌሻዋ ከተማ ከደካ ስልክ ሲደወልለት አስፋው «ከሰው ሁሉ መርጣችሁ እኔን?» ያለው። የደወለው ማዕረግ ነው፤ ደካ የሚያስተምር የሁለቱም ጓደኛ። የሰብሃት አባት ጋሽ ኃይለመስቀል እዚያው ደካ ለንጋት ሲቃረብ አርፈዋል። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው።

«ይዘኸው ና» አለ ማዕረግ። «ደግሞ በስልክ እንዳይሰማ። አደራ!»

መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው፤ የሚወድቀው ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ባለበት። ሰብሃት ግን ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ያን ቀን ስልኩን ከእጁ የማይለቅበት ቀን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰብሃት ከጥቂት ዓመታት በፊት «ደወል» የሚባል ፕሮግራም ጽፏል። የትምህርት ቤት የክፍለ ጊዜ ድልድል ያወጣል። ድሮ አስተማሪዎች ክረምቱን ሲኮራረፉበት ከርመው የሚያወጡትን ድልድል ደወል ሻይ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሰዋል። ሰብሃት ኮዱን አልሸጠውም። የፈለገ ይውሰደው፣ ያወቀ ያርመው ብሎ ክፍት አድርጎ ለቀቀው። ከዋጫ ከተማ አረሙት፤ ከደካ አረሙት፤ ኋላ ፖላንድ ከሚባል አገር ቶማሽ የሚባል ሰውዬ ሳይቀር መጥቶ አረመው። ሁሉም የሚነጋገሩት ቴሌግራም ላይ በከፈቱት አንድ ግሩፕ ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን ግሩፑ ኮዱን ትቶ «የት ሆነን እናውራ?» በሚል ክርክር ይታመስ ነበር።

ሰብሃት ማትሪክስ ወደሚባለው የመልእክት መለዋወጫ እንግባ ባይ ነው። ሰርቨሩ የራሳችን፣ ቤቱ የራሳችን፣ «ክፍል» የሚባለው ግሩፑም ሁሉ አላፊ አግዳሚ ገብቶ የሚያነበው ይሁን ይላል። «ኮዱን ክፍት ነው እያልን ወሬያችንን ከደበቅን ምኑን ክፍት ሆንነው?» አስፋው ደግሞ ቴሌግራም ላይ እንቆይ ባይ ነው። «የዋጫ አስተማሪ ያለው እዚህ ነው። አንተ ባዶ አዳራሽ ሠርተህ በሩን በርግደህ ቁም!» በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ የሆነችው ትሕትና ሰርቨሩን ለሙከራ አቁማዋለች። ድምፅ የሚሰጠው ያን ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር።

አስፋው ትሕትናንና የቀድሞውን ርዕሰ መምህር ጋሽ ሀብተሥላሴን ጠርቶ የኮፒ ቤቱን በር ገርበብ አደረገ።

«ታመዋል እንበለው» አለች ትሕትና።

«ታመዋል ካልነው ይደውላል» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ። «እዚያ ቤት ስልክ የሚያነሳ ሰው ዛሬ ድምፁ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ምን እንበለው?»

ሁለቱም አስፋውን አዩት። አስፋው ግን ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ነበር። ወሬው ዋጫ ደርሷል፤ ከደወል ሰዎች ግማሾቹ ወደ ለቅሶው ለመሄድ ተነሥተዋል። ከነዚህ አንዱ ተሳስቶ ትልቁ ግሩፕ ላይ «ነፍስ ይማር» ብሎ ከጻፈ ሰብሃት ያባቱን ሞት እንደ ሎተሪ ዕጣ ከስክሪን ላይ ሊያነብ ነው። ስለዚህ አስፋው አዲስ ዝግ ግሩፕ ከፈተ። የሁሉንም ስም እየነካ አስገባ፤ አንዱን ስም ዘለለው። ቀጥሎም ጻፈ፦ «የሰብሃት አባት አርፈዋል። እሱ አልሰማም። በትልቁ ግሩፕ አንዲት ቃል እንዳትጽፉ።»

መልሱ ተግተለተለ። አንዱ መኪና አለኝ አለ፤ አንዱ ድንኳን የሚተከልበትን ጠየቀ፤ አንዲት የዋጫ መምህርት ለንፍሮው ስንዴ ይዛ እንደምትመጣ ጻፈች። እነዚያ በነጠላ ሰረዝ ሲጨቃጨቁ የከረሙ ሰዎች አሁን አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ።

አስፋው በጥድፊያው ቶማሽንም አስገብቶት ነበር።

ቶማሽ አማርኛ አያነብም። ደግ ሰው ነው፤ ጨዋ ነው። ጨዋ ሰው ደግሞ ሲጎዳህ የምትወቅስበት ምክንያት አይሰጥህም። ትልቁ ግሩፕ ላይ ገብቶ በእንግሊዝኛ እንዲህ ሲል ጠየቀ፦ «ሁላችንም ያለንበት አዲስ ግሩፕ ተከፍቷል፤ ሰብሃት ግን የለበትም። ተረስቶ ይሆን?»

ሰብሃት ከትምህርት ቤቱ እስከ ኮፒ ቤቱ በእግሩ ይምጣ በክንፉ ያየ የለም። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

«ክፍል ከፈታችሁ?» አለ። «እኔን አውጥታችሁ?»

ትሕትና ፊቷን ወደ ፕሪንተሩ አዞረች። ጋሽ ሀብተሥላሴ የወረቀት እሽግ አንሥተው ጽሑፉን ማንበብ ጀመሩ፤ መነጽራቸው ግን ኪሳቸው ውስጥ ነበር።

«ተናገር እንጂ! አፍህ ዛሬ ነው የሚዘጋው?»

አስፋው ለሹፌር፣ ለፖሊስ፣ ለግብር ሰብሳቢ የሚሆን ወሬ አጥቶ አያውቅም። ያን ጊዜ ግን አንድም አልመጣለትም። የጓደኛውን እጅ አየ፤ ጣቶቹ ላይ ጠመኔ አለ፤ ቅዳሜ ማለዳ ማንን ሲያስተምር ነበር? ይህ ሰው ከዛሬ ጀምሮ አባት የለውም። ከዚያ ደግሞ አንድ ነገር ገባው። ውሸቱን ሰብሃት ራሱ አዘጋጅቶ ይዞለት መጥቷል።

«አዎ» አለ። «ለድምፁ ነው። አንተ ካለህበት ሰው ያፍርሃል።»

«ድምፅ ለመስረቅ በላ!»

«ያሻህን በለው። ማዕረግ የጌሻን አስተማሪዎች ደካ ላይ ሰብስቦ እየጠበቀን ነው። ዛሬውኑ በአካል እናስወስናለን። ሰብሳቢው ጋሽ ሀብተሥላሴ ናቸው፤ መኪናም ይዘናል።»

ሰብሃት ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ጋሼ፣ እርስዎም?»

ጋሽ ሀብተሥላሴ እሽጉን አስቀመጡ። «እኔም» አሉ።

ሰብሃት ለመጀመሪያ ጊዜ አስፋው ያለውን ሳያካፍል ሙሉውን ወሰደው። «እንግዲያው እኔም እሄዳለሁ» አለ። «እዚያው ፊታቸው አቁሜ ነው የማዋርድህ። አንተን ወንድም ብዬ!»

«መኪናው ውስጥ ግባ» አለው አስፋው፤ የኮፒ ቤቱን ቁልፍ ለመፈለግ አጎንብሶ ብዙ ቆየ።

የደካ መንገድ ከክረምት ክረምት የሚወራለት መንገድ ነው። አንድ አይሱዙ ሰኔ ላይ ጭቃው ውስጥ ገብቶ መስከረም ላይ ብቅ ሲል፣ የጫነው በቆሎ በቅሎ እሸት ደርሶ ነበር ይባላል። አስፋው ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሳያወራ ጫካውን አያልፍም። ያን ቀን ግን ኮንትራት የያዙት አሮጌ ላንድክሩዘር ውስጥ የሚናገረው ሰብሃት ብቻ ነበር። ሹፌሩም ያውቃል፤ ሬዲዮኑን ራሱ አጥፍቶታል።

ትሕትና ትልቁን ግሩፕ ማንም እንዳይጽፍበት ቆልፋዋለች። ሰብሃት ኔትወርክ ሲያገኝ ይህንንም አየ።

«አፍም ለጎማችሁ! ይሄ ነው እንግዲህ የናንተ ቴሌግራም። አንቺ ደግሞ ሰርቨር አቁመሽልኝ ስታበቂ…»

«ሰብሃትዬ፣ ስንደርስ ትሰድበኛለህ» አለች ትሕትና። ዓይኗ የሱ ስልክ ላይ ነው። ኔትወርኩ ሲሄድ ትተነፍሳለች፤ ሲመጣ ትንፋሿን ትይዛለች።

አንድ ዳገት ላይ የሰብሃት ስልክ ጮኸ። መልእክቱ ከቶማሽ ነው። ትሕትና ጠዋት ነገሩን በእንግሊዝኛ አስረድታው ምንም እንዳይል ለምናዋለች፤ እሱም እሺ ብሏል። ሰብሃት ድምፁን ከፍ አድርጎ ለሁሉም እየተረጎመ አነበበ። «‹ዛሬ ከአንተ ጋር ነኝ። ከምታስበው በላይ ብዙ ወዳጅ አለህ።› ሰማችሁ? ፖላንድ ያለ ሰው ግፌን አየ! እናንተ አጠገቤ ሆናችሁ…» ቀሪውን ተወው። ተደስቷል። ስልኩን ኪሱ ከተተና ትንሽ ቆይቶ ለስለስ አለ።

«ስብሰባው እንዳለቀ ሽማግሌው አባቴ ጋ ነው የምገባው። ሳልነግራቸው ስደርስባቸው ደስ ይላቸዋል። እናንተን ግን አልጋብዝም። መንገድ ላይ ብስኩት ግዙ።»

ሹፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። አስፋው በመስኮቱ ወደ ውጭ ዞሮ ዛፍ ሲያይ ነበር፤ የትኛውን ዛፍ እንዳየ ግን አያውቅም። መንገዱ እንዲረዝም ተመኘ፤ ቀብሩ እንዳያመልጣቸው ደግሞ እንዲያጥር ተመኘ። ሁለቱንም ምኞት አንድ ላይ ይዞ ተጓዘ።

የደካ መግቢያ ላይ ሽማግሌዎች መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቁ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማዕረግ ከኋላቸው ቆሟል። መኪናው ቀስ ብሎ ቆመ።

ሰብሃት መጀመሪያ ነጠላዎቹን፣ ከዚያ ማዕረግን፣ ከዚያ አስፋውን አየ። «ምርጫውስ?» አለ።

«ምርጫ የለም» አለ አስፋው።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ወረዱ፤ ሰብሃትንም እጁን ይዘው አወረዱት። አማርኛ የቢሮ ነው ብለው ይሁን፣ ወይ ሌላው ቋንቋ ጠፍቶባቸው፣ ነገሩን በካፊኖኖ፣ በካፋ ቋንቋ፣ ነገሩት። አጭር ነበር። ሰብሃት ሲወድቅ አራት አምስት ክንድ ተቀበለው። መሬት አልነካም። አንዱ ክንድ የአስፋው ነበር፤ ሰብሃትም ሳያየው ያን ክንድ ጨምድዶ ያዘው።

ቀብሩ ላይ ደረሱ። አባቱን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ሄደ።

በሰልስቱ ማግስት፣ ድንኳኑ ሊፈርስ ሲል፣ ሰብሃት አስፋውን ጠራው። ፂሙ አድጓል፤ ድምፁ ጠፍቷል።

«ያን ክፍል አሳየኝ።»

አስፋው ስልኩን ሰጠው። ሰብሃት ከመጀመሪያው ጀምሮ አነበበ። መኪናውን አነበበ፤ ድንኳኑን፣ ስንዴውን አነበበ። ትሕትና «ኔትወርክ መጣ፣ ጸልዩ» ያለችውን አነበበ። ማዕረግ የአባቱን ስልክ አጥፍቶ ትራሳቸው ሥር ማስቀመጡን ሁለት ጊዜ አነበበ።

«መንገዱን ሙሉ ስሰድብህ ነበር» አለ።

«ለምጄዋለሁ።»

«አይደለም። ስሰድብህ… አባቴ ነበረኝ። ሳልነግራቸው ስደርስ እንዴት እንደሚስቁ አስብ ነበር። ሁላችሁ ታውቃላችሁ፤ እኔ ብቻ እደሰታለሁ። ይህን ይቅር እንዳልልህ እፈልጋለሁ፤ ግን እምቢ አለኝ።»

አስፋው ዝም አለ። ያን ዝምታ ያየችው ትሕትና እስከ ዛሬ ታወራዋለች፤ የሚያምናት ግን የለም።

«ድምፁ ይሰጥ» አለ ሰብሃት። «ለቅሶ ደራሹ ሁሉ እዚሁ አይደል? እኔ ማትሪክስ ነኝ፤ አልተለወጥኩም። ክፍሉ ሁሉ ክፍት ይሁን። አንድ ብቻ የሚዘጋ ይኑር።»

«ማን ማን ይገባበታል?» አለች ትሕትና።

«ሁላችንም። ባለጉዳዩ ሲቀር።»

ንፍሮ በእጃቸው ይዘው ድምፅ ሰጡ። አስፋውም እጁን አወጣ፤ ለማትሪክስ። የዋጫዎቹ ይህን ሲያዩ አወጡ። ዋጫዎቹ ከገቡ ባዶ አዳራሽ የሚባል ነገር የለም። ትሕትና ክፍሎቹን ከፈተች፤ የመጨረሻውን ዘጋችው። ዘመድ ሞቶበት ባለጉዳይ የሆነው ሰው ያን ቀን ከክፍሉ ይወጣል፤ ክፍሉም ከስልኩ ላይ ይጠፋል። መርዶውን ሲረዳ መልሰው ያስገቡታል። ሕጉ ይኸው ነው። ቶማሽ ስለ ዝጉ ክፍል ሲጠይቅ፣ አስፋው አንድም ነገር ሳይጨምርበት ጻፈለት። ቶማሽም የናቱንና ያባቱን ስም ላከ፤ ሁለቱም በሕይወት እንዳሉ ጨምሮ።

አስፋው ከዚያ ወዲህ አንድ አመል አወጣ። ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ ስልኩን ያነሣል፤ መልእክት አያነብም፤ ዝጉ ክፍል አለ ወይስ የለም፣ እሱን ብቻ ያያል። ካለ ደህና ነው፤ ተነሥቶ ኮፒ ቤቱን ይከፍታል። አንድ ጠዋት ዳታው ተንቀራፎበት ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሸሚዙን ግማሽ እንደለበሰ፣ ነጩ ስክሪን ላይ ትንሿ ክብ ስትሽከረከር አፍጥጦ ቆየ። ኋላ ክፍሎቹ አንድ በአንድ መጡ፤ የመጨረሻውም መጣ። እሱ ግን ስላላስቻለው ዋጫ ያሉት እናቱ ጋ ደወለ።

«ምነው በጠዋቱ?» አሉ እናቱ። «ምን ሰምተህ ነው?»

«ምንም አልሰማሁም፣ እማዬ» አለ። እውነቱን ነበር። ሆኖም ስልኩን ቶሎ አልዘጋውም፤ እሳቸው ስለ ዶሮዎቻቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤታቸው አጥር ሲነግሩት ጫማውን ሳያስር ቁጭ ብሎ ሰማ።