የበሩ ድልድይ

«ይኼን ጣውላ ንቀለውና ሰው ግድግዳውን ይደገፍ እንጂ፣ ሙዘይን» አለች ታላቅ እህቱ ዑምኩልሱም። የሟች ልጁን የኢልሀምን ክፍል አራት ግድግዳ የዞረው ጣውላ የለቀስተኛ ሴቶቹን ጀርባ ይቆረቁራል።

«ይቆይ፣ እትዬ።»

«እስከ መቼ? የሟች ዕቃ ሰደቃ ይወጣል እንጂ ግድግዳ ላይ አይቆይም። የመጫወቻ ባቡሯንም ለጎረቤት ልጆች ስጥ፤ አጅሩ ለእሷው ነው።»

ሙዘይን ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሚስቱን አየ። አንዷ ለቀስተኛ ጎንበስ ብላ «አብሽሪ ኑርሀያት፣ ልጅሽ በጀነት በር ላይ ቆማ ትጠብቅሻለች» ትላታለች። ኑርሀያት «አሚን» አለች። ልጃቸው ከተቀበረች ወዲህ ሌላ ቃል አልወጣትም። ሙዘይን የፈራው እህቱን ሳይሆን ሚስቱን ነበር። ጣውላው ሲመታ «ቤቱን ወንፊት አደረግከው» ብላ የተቆጣችው እሷ ናት። አሁንም ንቀለው ካለች ይነቅለዋል፤ የልጁን እናት እንቢ የሚልበት አፍ የለውም።

ኢልሀም ልቧ ታሞ አልጋ ላይ ስትቀር የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበር። «አባዬ፣ ባቡሩ መቼ ነው የሚመጣው?» በከተማቸው በሐይቅ በኩል ያልፋል የተባለውን ባቡር ሰዉ ጠብቆ ጠብቆ ረስቶታል፤ እሷ ግን ልጅ ናትና አምናለች። አባቷ አናጢ ነው። ከደሴ በባትሪ ድንጋይ የምትሄድ ባቡር ገዝቶላት መጣ። አብሮ የመጣው ሐዲድ አንድ ትሪ ቢዞር ነው። ስለዚህ የዋንዛ ጣውላ ልጎ፣ ለጎማዎቹ ቦይ አውጥቶ፣ ተኝታ እንድታየው ከትራሷ ከፍታ ጋር አስተካክሎ ግድግዳው ላይ መታው።

መስመሩን የነደፉት አብረው ነው። ግርጌዋ ኮምቦልቻ ሆነ፤ መስኮቱ ሥር ውሃ የሞላ ሰማያዊ ሳህን አስቀምጠው ሐይቅ አሉት፤ ራስጌዋ ሃራ። ከሐይቅ በኋላ ለአምባሰል ትንሽ ዳገት ሠራላት። ባቡሯ እዚያ ስትደርስ ታቃስታለች። «እሷም እንደኔ ዳገት ይደክማታል» ትል ነበር ኢልሀም።

ያስቸገረው በሩ ነው። ከሃራ ወደ ኮምቦልቻ መመለሻውን ስለሚቆርጠው ሙዘይን ድልድዩን በራሱ በበሩ ላይ መታው። በሩ ሲዘጋ ሐዲዱ ይገጥማል፤ ሲከፈት ይቋረጣል። ኑርሀያት ሾርባ ይዛ ገፍታ በገባች ቁጥር ባቡሯ ገደል ትገባለች።

«እማዬ፣ አንኳኪ እንጂ። ተሳፋሪውን ጨረስሽው እኮ።»

«በገዛ ቤቴ ነው የማንኳኳው?» ትላታለች ኑርሀያት፣ ከወለሉ ላይ ባቡሯን እያነሳች።

የለቅሶ ቤት በር አይዘጋም። ሦስቱንም ቀን በሩ በድንጋይ ተይዞ ተከፍቶ ዋለ፤ ባቡሯም ኮምቦልቻ ላይ እንደቆመች ቀረች። ጎረቤታቸው ጋሽ ወንዱ ሊሰናበት ሲመጣ አያትና ራሱን ነቀነቀ። «አይዞህ ልጄ። ከዚህ አገር ሰው ባቡር ሲመጣ ያየች እሷ ብቻ ናት» አለው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ የቅሬው፣ የመረዳጃ እድሩ፣ ሰዎች ድንኳናቸውንና ምንጣፋቸውን ሰብስበው ሄዱ። ሙዘይን ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። ንቀል እስኪባል መጠበቁን አልቻለም፤ ከሚስቱ አፍ ከሚሰማው በገዛ እጁ ቢያደርገው ይሻለዋል። ድንጋዩን በእግሩ ገፋና በሩን ዘጋ። የመጀመሪያውን ቪቴ ከመፍታቱ በፊት ግን ኮምቦልቻ ላይ ወደቆመችው ባቡር ጎንበስ አለ። የባቡሯን ማብሪያ ተጫነ።

ሐይቅን አለፈች። አምባሰል ላይ አቃሰተች። ይኼኔ በሩ ተንኳኳ።

እህቱ መሰለችው። «ግቢ» ሊል አፉን ከፈተ።

«ባቡሯ አለፈች?» አለች ኑርሀያት ከውጭ።

ሙዘይን ካቻቢቴውን አልጋው ላይ አስቀመጠ። እንባውን በክንዱ ጠረገ።

«ገና ሃራ ናት» አላት። «ትንሽ ቆዪ።»

ኑርሀያት በሩን ሳትነካ ቆማ ጠበቀች።