ጨረሩ ያላሳየው

የሆስፒታል አልጋ በሚሠራበት ወርክሾፕ «ምላጭ» ከተባለ ማን እንደሆነች ማንም አይጠይቅም፤ ስሙን ያወጣላት ስለታም ምላሷ ነው። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየችም፤ ስለ ቀለም የምታውቀውን ያነበበችው ከጣሳ ጀርባ ነው፤ በዚህም ትኮራለች። መርጨት ያስተማሯት የእናቷ ወንድም ናቸው። የሙያው ወግ አጭር ነበር፦ ረጭተሽ ስትጨርሺ መጋረጃውን ዝጊ፣ የእጅ ባትሪ አብሪ፤ በጨረሩ ውስጥ የሚጨፍር ብናኝ ካላየሽ ጭንብልሽን አውልቂ።

ናኖ የሚሉት ደቃቅ ዱቄት ሲመጣም ሠራተኞቹ በዚሁ ወግ ቀጠሉ። ዱቄቱ የተረጨበት አልጋ ጀርም አያስጠጋም፤ ቁስላቸው ያመረቅዝ የነበረ በሽተኞች ድነው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ግን ደንብ አረቀቀ። አንቀጽ ሰባት፣ ከርጭት በኋላ የአየር መምጠጫው ሁለት ሰዓት ሳይሠራ ጭንብል አይወልቅም ይላል። ሁለት ሰዓት ሥራ ፈትቶ መቆም ለማን ይዋጥለታል? ሠራተኛው ምላጭን ወከለ።

ረቂቁን የሚመረምረውን ኮሚቴ ወርክሾፑ ድረስ ጎትታ አመጣች። መጋረጃውን ዘጋች፣ ባትሪውን አበራች። በጨረሩ ውስጥ ምንም የለም።

«በሉ አቧራውን አሳዩኝ፤» አለች። «ለሌለ ሌባ ዘብ ትቀጥራላችሁ እንዴ?»

ሰብሳቢው ሳይቀሩ በሳቅ ፈረሱ። አንዲት ቀጭን ባለሙያ፣ ዱቄቱ ከመድቀቁ የተነሳ ብርሃንም እንደማያሳየው ልትናገር ሞከረች፤ በዚያ ሳቅ መሃል ማን ይስማት። አንቀጽ ሰባት «ይጠና» ተብሎ ከደንቡ ወጣ።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። በሦስተኛው ዓመት አጎቷ ደረጃ ሲወጡ መሃል ላይ አረፍ ማለት ጀመሩ። ሐኪሙ ዱቄቱ ነው ብሎ አልማለም፤ ሥራቸውን ግን ሦስት ጊዜ ጠየቃቸው። ሆስፒታል የተኙበት አልጋ የራሳቸው ርጭት ነበር፤ ምላጭ በአልጋው እግር ላይ ከደረቀች ጠብታ አወቀችው።

ኮሚቴው እንደገና ሲጠራ ዱቄቱ ጨርሶ ይታገድ የሚሉ በዝተው ነበር። ከመሄዷ በፊት አጎቷ እጇን ያዙ።

«የባትሪውን ነገር ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። በእኔ አሳብቢ።»

«እርስዎ ያስተማሩኝ ለድሮው ቀለም ነው፣ ጋሼ። ላልሆነው ያዋልኩት እኔ ነኝ።»

አዳራሹ ውስጥ ቆማ፣ አልጋው ያዳናቸው ሰዎች ስላሉ ዱቄቱ እንዳይታገድ ለመነች። «አንቀጽ ሰባት ግን ይመለስ። ያን ቀን ያሳየኋችሁ አለማወቄን ነው።» ይህን ስትል በዓይኗ ቀጭኗን ባለሙያ ፈለገች። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ ከሥራ ለቃለች አሏት።

ማታ አጎቷ የኦክስጅኑን ቱቦ ከአፍንጫቸው ፈቀቅ አድርገው «ሳቁ?» ብለው ጠየቋት።

«ዛሬስ አልሳቁም። አንቀጹም ተመልሷል።»

«ደግ፤» አሉ። ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ጠበቀች። «ለቀሩት ይደርስላቸዋል።»

ምላጭ ጎንበስ ብላ ቱቦውን ወደ ቦታው መለሰችላቸው።