ጠፋ የተባለው ምርቃት

ጥቅምት ዐሥራ አራት ቀን 2014 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ የዕድሩ ስብሰባ ላይ ነው። ኮምፒውተር ጠጋኙ ዓባይነህ የአባላቱን ስም ዝርዝር በኮምፒውተር ልጻፍላችሁ አለ። ተክለጻድቅ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «አንተ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቀረህ ሰው፣ ጽሑፍና አንተን ምን አገናኛችሁ? ብሎንህን ፍታ!» አለው። ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። አርባ አንድ ነበሩ፤ ዓባይነህ ቆጥሯቸዋል።

ዛሬ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ዓባይነህ ያው ዕድር በተከለው ድንኳን ውስጥ የተክለጻድቅን ለቅሶ ተቀምጧል። ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ያኔ ከሳቁት ሦስቱ ፊት ለፊቱ ካርታ ይጫወታሉ።

«ብዙ ተሠቃየ እንዴ?» አለች አንዲት ለቀስተኛ።

«አይ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ነው» አለች ሚስቱ ሰብለወንጌል፣ ድምፅዋ ሰልሎ። «አንድ ነገር ብቻ አንገበገበኝ። ሳምንቱን ሙሉ ‹የእማዬን ምርቃት ክፈቱልኝ› ሲል ነበር። እማማ ወለተሰንበት ሳያርፉ በስልኩ ቀድቷቸው ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጦት ነበር እኮ። ስልኩ ተሰረቀ፤ ኮምፒውተሩም ያው ተበላሸ።» ወደ ዓባይነህ ዞረች። «አንተማ ለመጠገን ምን ያላደረግከው አለ!»

ዓባይነህ የያዘውን ንፍሮ ሳህኑ ላይ መለሰው።

አብነት ሰፈር ያለችው ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር ለጥገና ሲገባ፣ ከመንካቱ በፊት ውስጡ ያለውን በሙሉ ወደ ራሱ ሃርድ ዲስክ ይገለብጣል፤ የባለቤቱን ስምና ቀኑን ይጽፍበታል። ማንም ሳያስተምረው የለመደው ነው። የተክለጻድቅንም ገልብጧል። ከዚያ፣ «ሁሉም ጠፍቷል» አለው። ሐሳቡ ለአንድ ሳምንት ሊደብቀው ነበር። በዚያ በተማረ አፉ አንዴ «እባክህ» ይበለኝ ብሎ ነው።

ተክለጻድቅ አልለመነውም። መነጽሩን አውልቆ ጠራረገና፣ «የአንተ ጥፋት አይደለም፤ ደክመሃል፣ አመሰግናለሁ» ብሎት ሄደ። ከዚያ ወዲያ አገኘሁት ማለት በየት በኩል? ሳምንቱ ወር፣ ወሩ ዓመታት ሆነ።

በሠልስቱ ጠዋት ሱቁን ከፈተና ዲስኩን ሰካ። ሁሉም ነገር በአንድ ጥቅል የታሸገ ነው፤ እስኪፈታ አርባ ደቂቃ ወሰደ። ድምፁ አለ። ለማዳመጥ ድፍረት አጣ። ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ወደ ድንኳኑ ገሰገሰ።

«አሮጌ ዲስክ ስበረብር አገኘሁት» ብሎ ለተክለጻድቅ ልጅ ለሶሲ ሰጣት። መንገዱን ሙሉ ሲለማመዳት የመጣት ቃል ናት።

ሶሲ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከፈተችው።

«ተክልዬ፣ ዕድሜህን ያርዝመው! ከክፉ ይሰውርህ!» አሉ እማማ ወለተሰንበት።

ካርታ ተጫዋቾቹ ሳይቀሩ ተነሥተው መዳፋቸውን ዘረጉ። «አሜን» አሉ። ሰብለወንጌል ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ተንሰቀሰቀች።

ሶሲ ግን ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። የፎልደሩን ስም ታነባለች፤ ዓባይነህ ራሱ የጻፈውን፦ «ተክለጻድቅ፣ ጥር 9፣ 2014»።

«ጋሽ ዓባይነህ» አለች በሹክሹክታ፣ «ኮምፒውተሩን የከተራ ዋዜማ ያመጣሁልዎት እኔ ነኝ። ጥር ዘጠኝ። ያኔውኑ ገልብጠውት ነበር ማለት ነው?»

ዓባይነህ ጫማውን አየ።

«አባዬ ሳምንቱን ሙሉ ሲለምን… እርስዎ ጋ ነበረ?»

እማማ ወለተሰንበት ገና እየመረቁ ነው። ዓባይነህ ተነሥቶ ወደ መውጫው አመራ። ደጅ ሲደርስ መዳፎቹ እንደሌላው ሰው ተዘርግተው አገኛቸው። ጨበጣቸውና ኪሱ ከተታቸው።