የደቂቃ ጭስ ማውጫ

ሰውየው ሰዓት ሠሪ ነው። «አንድ ደቂቃ» ከአፉ ስለማይጠፋ የሚስቱ ታላቅ ወንድም «ደቂቃ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙም ተለጥፎበት ቀረ። ሚስቱ ደስ ሲላት «ደቂቃዬ» ትለዋለች። ዛሬ ግን አንዴም አላለችውም።

እሷ የከብት ሐኪም ናት። ለጠጠርና ለጭቃ መንገድ የተሠራ ቁመተ ረጅም ሞተር ሳይክል አላት፤ ከሳምንቱ አራቱን ቀን የምታሳልፈው እሱ ላይ ነው። ዛሬ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዛ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መነሳት አለባት። ከዘገየች በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል፣ መድኃኒቱም ይበላሻል፤ ነገ በጠዋት የሦስት መንደር ከብት ተሰብስቦ ይጠብቃታል። ደቂቃ ይህን ሁሉ ያውቃል። እያወቀ ነው እንግዲህ ጠዋት ተነስቶ ሞተሩን በረንዳ ላይ የበታተነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ወር በፊት ነው። «ስማኝማ፣ ይሄ ጭስ ማውጫ እግሬን እየጠበሰኝ ነው፤ አንድ ነገር አድርግለት» አለችው። እሱ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ለዓይን ከማትሞላ ብሎን ጋር ግብግብ ገጥሞ ነበር። «አንድ ደቂቃ» አላት። እሷም ሌላ ነገር ተናገረች፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የሆነ ነገር አኖረችና ሄደች። ከዚያ ሁሉ ንግግር ጆሮው የገባችው «ጭስ ማውጫ» የምትለው ቃል ብቻ ናት።

በዚያው ሰሞን ስልኩ ላይ የሞተር ቪዲዮ ማየት ጀመረ። ማየት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሞተሩ ሁለት ቀዳዳዎች ተነስተው ከታች የሚገናኙ፣ እንደ መስታወት መልክ የሚያሳዩ አዳዲስ ቱቦዎች አዘዘ። ካርቶኑን ሲከፍት ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። «ሦስት ኪሎ ይቀንሳል፤ ጉልበት ይጨምራል፤ ድምፁን ደግሞ ብትሰሚው! ወፍራም ነው!»

«ለእግሬስ?» አለችው።

«አንድ ደቂቃ፣ መመሪያውን ላንብብ።»

«ካልክ እንግዲህ ጋሼ ይግጠመው» አለችው። ጋሼ የምትለው ያንኑ ስም አውጪ ወንድሟን ነው፤ ሰውየው መካኒክ ነው። ደቂቃ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «የትንኝ እግር የሚያህል ብሎን ስፈታ የምውል ሰው፣ ጣት የሚያህለው ሊያቅተኝ?» አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ ይሄኛው ግን ማንም አወቅህ ሳይለው ነው የሚስቱን ሞተር የፈታው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብሎኖች ወዲያው እሺ አሉት። እንዳይጠፉበት ከሥራ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ጎባጣ ጥቁር ቆርቆሮ አምጥቶ እሷ ውስጥ አስቀመጣቸው። ጫፍና ጫፏ የተበሳ ቆርቆሮ ናት፤ ሁለት ወር ሙሉ የሰዓት ማሰሪያ ሲያኖርባት ከርሟል። ከየት መጣች ብሎ ግን ጠይቆ አያውቅም።

ሦስተኛው ብሎን እምቢ አለ። ዘይት አጠጣው፣ ለመነው፣ ሰደበው። በመጨረሻ በስንት መከራ ሲወጣ ደግሞ አሮጌው ቱቦ ድምፅ ከሚያፍነው ከኋለኛው ማርሚታ ጋር በዝገት ተጣብቆ አልላቀቅ አለ። ደቂቃ ጎተተ፤ ሞተሩ አብሮት መጣ። ጣቱ ተላጠ። ጉልበቱን የወለሉ ሲሚንቶ በላው። አምስት ሰዓት ላይ ትዕግሥቱ አለቀና አሮጌውን ቱቦ በብረት መጋዝ ለሁለት ከፈለው። መመሪያው ላይ እንዲህ የሚል የለም። ግን መመሪያውን የጻፈው ሰው ይህን ዝገት መች አየው!

አዲሶቹን ሲገጥም ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ግራው ሲገባ ቀኙ ይወጣል፤ ቀኙ ሲገባ ግራው ይንጋደዳል። ሰባት ሰዓት ላይ ሚስቱ የበረዶ ሳጥኑን ይዛ ከመሥሪያ ቤት ተመለሰች።

«ደርሷል?»

«አንድ ደቂቃ።»

እንደምንም ገጥሞ አስነሳው። ጆሮ የሚበጥስ ፉጨት! ጭሱ በቱቦው ጫፍ መውጣት ሲገባው ከሞተሩ ሥር እየሾለከ ይፏጫል። አጥፍቶ አጠበቀ። ደግሞ አስነሳ፤ ያው ነው። ሁሉንም ፈትቶ እንደገና ገጠመ። ያው ነው! «የማይረባ ዕቃ ሸጠውልኝ ነው! ሌቦች!» ብሎ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ወረወረው። ቁልፉ ከግድግዳው ነጥሮ የበረዶ ሳጥኑን ሲመታው ሚስቱ ሳጥኑን አንስታ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችው። ስልኳን አወጣችና «ጋሼ፣ እባክህ ቶሎ ድረስልኝ» አለች።

ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ስምንት ሰዓት ሆኗል።

መካኒኩ መጥቶ ሞተሩን አየ፣ የተከፈለውን ቱቦ አየ፣ የደቂቃን ጣት አየ። አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻል ነበር። ቱቦዎቹን ፈታና ባትሪ እያበራ ቀዳዳው ውስጥ በካቻቪቴ ቆረቆረ። ከጥላሸት የማይለይ፣ የተጨፈለቀ ቀለበት ወደቀ።

«አሮጌውን ማሸጊያ ሳታወጣ ነው አዲሱን የደረብክበት። ሰዓት ውስጥ ቢሆን አይጠፋህም ነበር፣ ደቂቃ።»

«ሰዓት ውስጥ ጥላሸት የለም፣ ጋሼ» አለ ደቂቃ።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሞተሩ ሲነሳ ፉጨት የለም። ድምፁ እውነትም ወፍራም ነው፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ደቂቃ ሚስቱን አያት፤ አንድ ቃል ብትለው ምን ነበረበት! እሷ ግን ሞተሩን አጥፍታ ወጥታበት ነበር፤ ቀኝ እግሯን ዝቅ አድርጋ ታያለች።

«እዚያው ነው የሚያልፈው» አለች።

«ምኑ?»

«ቱቦው ነዋ! አሮጌው በሚያልፍበት፣ እግሬ ሥር! ደግሞ ይሄም ራቁቱን ነው።» ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበችው። ደቂቃ አንድ ጠባሳ መኖሩን ያውቅ ነበር። ሦስት ናቸው። አንዱ ገና ቆዳ አልያዘም። «አሮጌውን መልስልኝ።»

«ቆርጬዋለሁ» አለ።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን መሬት ላይ ደፋና ጎባጣዋን ቆርቆሮ አገላብጦ አያት።

«ይህቺ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«የብሎን ማስቀመጫ ናት» አለ ደቂቃ።

ሚስቱ ሳቀች፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። «የጭስ ማውጫው መከለያ ናት! መንገድ ላይ ወልቃ ስትወድቅ አንስቼ ጠረጴዛህ ላይ ያስቀመጥኩልህ። ‹ሁለት ብሎን ብቻ ነው የምትፈልገው› አላልኩህም? በጆሮህ ምን ነበር የሰማኸው?»

አዲሱ ቱቦ ላይ ለመከለያዋ የተዘጋጀ የብሎን ቦታ የለም። መካኒኩ ከዕቃ ሳጥኑ ሁለት የብረት ቀበቶዎች አወጣ፤ መከለያዋን ቱቦው ላይ አስተኝቶ አሰራትና በእጁ ነቀነቃት። ንቅንቅ አላለችም። ደቂቃ በልማድ ክንዱን ዘርግቶ ሰዓቱን አየ። ሥራው የፈጀው አራት ደቂቃ ነው። ሁለት ወር ያስጠበቃት፣ ሦስቴ ያቃጠላት፣ አራት ደቂቃ! እንባው ዓይኑ ላይ ደረሰ።

«በል ሳጥኑን እሰርልኝ» አለችው። ዘጠኝ ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። አሰረላት፤ ገመዱን ሁለት ሦስቴ ፈተሸው። እሷ የራስ ቁሯን አጥልቃ ሞተሩን አስነሳች።

ደቂቃ ተጠጋና እጁን መሪው ላይ አደረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ።»

«ምን?»

«ይቅር በይኝ!»

ራሷን ነቀነቀች፤ በጣቷ መጀመሪያ ጆሮዋን፣ ቀጥሎ ጭስ ማውጫውን አሳየችው። «አልሰማህም!» ብላ ጮኸች። ማርሽ አስገብታ ከበር ወጣች።

ድምፁ እውነትም ወፍራም ነው። መንገዱን ጨርሳ ከታጠፈች በኋላም ለረጅም ጊዜ ይሰማው ነበር።